የማክሰኞ ኃጢአቴ

ስኪ እወዳለሁ። ሃምሳ ዓመት የዘለቀው፣ ዕድር የሚከፍል፣ ደብረ ብርሃን ላይ እናት ያለችው፣ እንጀራውን በሾፌርነት የሚበላ ሰው ይህን ሲናገር ለጆሮ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሳልናገር የኖርኩትም ለዚህ ነው። የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ማክሰኞዎች ደውሎ ያጣኝ ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ሥራ ላይ ነበርኩ»። የት እንደምውል የሚያውቁት ባለቤቴና ልጄ ብቻ ነበሩ። አንድ ጊዜ ወደ ተራራው በሚያወጣው የወንበር ሊፍት ላይ እንደተቀመጥኩ እናቴ ደወለች። ነፋሱ በስልኩ ገብቶ ሲያፏጭባት «ምንድን ነው የሚጮኸው ልጄ?» አለችኝ። «መኪናው ነው እማዬ» አልኳት። መኪናዬ ታች ማቆሚያው ላይ ቆሟል፤ ከእግሬ ሥር ባዶ አየር ነው ያለው።

ሰው የሚደብቀው ነገር መጠጥ ይሆናል፣ ቁማር ይሆናል፣ ሌላ ትዳር ይሆናል። እኔ የደበቅኩት ተራራ ወጥቶ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መውረድን ነው። ለምን እንደደበቅኩት ለራሴም በቅጡ ሳልመልስ ኖሬያለሁና እዚህ ልሞክረው።

ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ መስኮቱን ዘግቶ ነው የሚያልፋት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ስንነሳ ሜዳው ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። ለዓይን ያምራል። ነገር ግን አብቦ የነበረ ባቄላ ካለ በዚያች ሌሊት አለቀለት ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣበት ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይጠቁርና ይተኛል። አባቴ ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፤ አጎቶቼ ግን ገበሬዎች ናቸው፤ ውርጭ የመታቸው ዓመት ለገና ሲመጡ ይዘውት የሚመጡትን ዝምታ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ልጅ ሆኜ ነጭ ሜዳ ሳይ ተንከባለልበት፣ ሩጥበት የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ አያውቅም። ብርድ የሚከላከሉት ነገር ነበር፤ በጋቢ፣ በባና፣ በከሰል፣ ለሚጠጣው ደግሞ በአረቄ። ብርድን ፈልጎ፣ ወጥቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚሞቀው ሰው አለ ብሎ የነገረን አልነበረም።

አሜሪካ በዲቪ የመጣሁት በ2001 ነው፤ ዓመቶቹን እዚህ እንደምንቆጥራቸው በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። የአክስቴ ልጅ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ስለነበር እኔም አውሮራ ሆንኩ። መጀመሪያ ኤርፖርት ፓርኪንግ ሠራሁ፤ ከዚያ ከኤርፖርት ወደ ተራራዎቹ ሰው የሚያመላልስ ሻትል ያዝኩ። መንገዱ ኢንተርስቴት 70 ነው። አይዳሆ ስፕሪንግስን፣ ጆርጅታውንን ታልፋለህ፤ ከዚያ የአይዘንሃወር መሿለኪያ ይመጣል። ተራራውን በስቶ የሚያልፍ፣ ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ 3400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሠራ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ የተከፈተው በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 ነው። ከመሿለኪያው ወዲያ ሲልቨርቶርን፣ ፍሪስኮ፣ ቬይል። በረዶ ሲበረታ ጎማ ላይ ሰንሰለት አስር ይባላል፤ የናዳ ስጋት ሲኖር መንገዱ ይዘጋና ከነመንገደኛህ ትቀመጣለህ።

የስኪ ሻንጣ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ከሰው ይረዝማል፣ መያዣው መሐሉ ላይ ነው፣ ስታዞረው ጫፉ የሰው ፊት ይፈልጋል። እኔ ስኪን ያወቅኩት በትከሻዬ ነው። በየሆቴሉ በር አወርዳለሁ፣ ጉርሻዬን እቀበላለሁ፣ ወደ ዴንቨር እመለሳለሁ። ለዓመታት የየተራራውን ስም፣ የየሆቴሉን ዘበኛ፣ ሽንት ቤት የሚፈቅደውን ነዳጅ ማደያ ሁሉ ሳውቅ አንዱንም ተራራ ረግጬው አላውቅም ነበር። መንገደኞቹ «አንተስ ስኪ ትሠራለህ?» ይሉኛል። «ጉልበቴን ያመኛል» እላለሁ። ጉልበቴ ምንም የለውም። በልቤ የምለው ሌላ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ችግር አጥተዋል።

በ2006 የቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ሲካሄድ አንድ ኢትዮጵያዊ ይወዳደራል ተባለ፤ ሮቤል ተክለማርያም። ልጅ ሆኖ ወደ አሜሪካ መጥቶ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ስኪ የተማረ፣ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ የተወዳደረ ሰው ነው። የእሱ ዓይነት ስኪ እኔ በኋላ የገባሁበት ዓይነት አይደለም፤ በሜዳውም በዳገቱም በጉልበት የሚገፋ፣ ለሩጫ የቀረበ ነው። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። አገራችን በክረምት ኦሊምፒክ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ሄዷል። እኛ ሾፌሮቹ ኤርፖርት ወረፋ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ተሰብስበን በስልክና በወሬ ስንከታተለው ሳቅ በሳቅ ሆንን። ባንዲራውን ስናይ ደስ አለን፤ ግን ሳቅን። ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው ሳይስቁ «ይኼ ልጅ እንዲህ የሚለፋው ማን ይጠቀማል ብሎ ነው?» አሉ። እኔም ከሳቂዎቹ ነበርኩ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ሄደ፤ ቆይቶም በራሴ ላይ ዞረብኝ።

ተራራው ላይ ያወጣችኝ ልጄ ናት። እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች በየስኪ ቦታው ጥቂት ጥቂት ቀን ያለ ትኬት የሚገቡበት ፓስፖርት የሚባል ነገር ያኔ ነበር። ከትምህርት ቤት ወረቀቱን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ሁሉም ይሄዳሉ» አለች። ለልጅ ነፃ የሆነ ነገር ለአባት ነፃ አይደለም፤ ልብሱ፣ ኪራዩ፣ ነዳጁ አለ። ቢሆንም ወሰድኳት። ሎቭላንድ ነው የሄድነው፤ ከመሿለኪያው አፍ ላይ ያለው ነው፣ እንደ ሌሎቹ ሆቴልና ሱቅ አልተከመረበትም፣ ዋጋውም ይቀላል። እሷን ለአስተማሪ አስረክቤ ማረፊያ ሎጁ ውስጥ ቡና ይዤ በመስታወት ሳይ ዋልኩ። ካየሁት ሁሉ የረበሸኝ አንዲት ነጭ አሮጊት ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል። ቡታቸውን ማሰር አቅቷቸው ወጣት ሠራተኛ ተንበርክኮ አሰረላቸው። ከዚያ እያነከሱ ወጡ። ትንሽ ቆይቼ ከላይ ሲመጡ አየኋቸው፤ ያ ማነከስ የለም። ሰውነታቸው ሌላ ሰው ሆኗል። በሚቀጥለው ስንሄድ ለራሴም ተከራየሁ።

ስለ ቡቱ አንድ ነገር ልበል። ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ቁርጭምጭሚትህን አንቆ ይይዝና አሥር እርምጃ ሲያስኬድህ የእስር ቤት ሰው ያስመስልሃል። የተከራየ ቡት ደግሞ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ አለው። ብዙ ሐበሻ ስኪን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ተራራውን ሳያየው።

አስተማሪዬ ሽማግሌ ነበር፤ ብዙ አይናገርም። ለልጆች «ፒዛ» የሚሉት አለ፤ የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርበህ ኋላቸውን ከፍተህ ፍሬን ታደርጋለህ። እሱን በግማሽ ቀን ቻልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ከአካሌ ጋር መጣላት ነበር። ቁልቁለት ላይ ቆሞ ታች የሚያይ ሰው ገላው በራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ተፈጥሮ ነው። ወደ ኋላ በሸሸህ ቁጥር ደግሞ የስኪው ፊት ይቀልና መዞር እምቢ ይልሃል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ትወድቃለህ። መፍትሔው ራሱ የሚያስፈራው ነው፤ ቅልጥምህን የቡቱ ምላስ ላይ አሳርፈህ፣ ክብደትህን በታችኛው እግር ላይ ጥለህ፣ ደረትህን ለገደሉ መስጠት። ሽማግሌው ከበስተኋላዬ እየመጣ «ወደ ታች! ወደ ታች!» ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት ወደ ኋላ ተደግፌ ነው። መኪና የምነዳው ርቀት ጠብቄ፣ ገንዘብ የማወጣው ተርፎ መሆኑን አይቼ፣ ሰው የማምነው ቆይቼ።

ያ ሁሉ አልፎ አንድ ቀን መዞሩ መጣ። አንዱን ዙር ጨርሰህ ሌላውን ስትጀምር ስኪዎቹ ከአንዱ ጠርዛቸው ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በመሻገሪያው ላይ ለቅጽበት በየትኛውም ጠርዝ ላይ አይደሉም፤ ጠፍጣፋ ሆነው አፍንጫቸውን ቁልቁል ያደርጋሉ። በዚያች ቅጽበት አንተን የያዘህ ነገር የለም፤ በረዶውም አልያዘህም፣ አንተም አልያዝከውም። ቀጥሎ አዲሱ ጠርዝ ይነክሳል፣ ከእግርህ ሥር ደረቅ የመቀደድ ድምፅ ይሰማል፣ ተራራው ይቀበልህና ይመልስሃል። ስጀምር ያቺን ባዶ ቅጽበት ለማሳጠር ነበር የምታገለው፤ በፍርሃት ዙሩን ቶሎ እጨርሳለሁ። አሁን የምሄደው ለእሷ ነው፤ እንድትረዝምልኝ ነው የምፈልገው። ስኪ የምወደው ለምንድን ነው ብባል ከዚች ሌላ መልስ የለኝም። ፍጥነት አይደለም። እዚህ የመውረጃዎቹን ክብደት በምልክት ነው የሚያሳዩት፤ አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ለጎበዝ። እኔ ሰማያዊ ላይ የምኖር ሰው ነኝ፤ ጥቁር ላይ የምወጣው ቀኑ ሲቀናኝ ነው።

አሁን ወደ ማያምረው ልግባ። መጀመሪያ ኩራቱ። ሊፍት ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠህ ጥቂት ደቂቃ ትወጣለህ፤ ሰዎቹ ወሬ ይወዳሉ። «ከየት ነህ?» «ከኢትዮጵያ።» «ኦ! ሯጭ ነህ?» «አውቶቡስ እንኳ ሮጬ ይዤ አላውቅም።» ይስቃሉ። «አገርህ በረዶ አለ?» ይሉኛል። ራስ ዳሽን ላይ አንዳንዴ ይጥላል፣ ከተማዬም ውርጭ አለ ብዬ አስረዳለሁ። ከቴክሳስ የመጡት በከፍታው ራሳቸውን ሲያማቸው፣ እኔ የደብረ ብርሃን ሳንባ ስላለኝ እንደማይሰማኝ አክልላቸዋለሁ። ይኼ ሁሉ ደስ ይለኛል። ተራራው ላይ ብቸኛው ሐበሻ መሆን ደስ ይለኝ ነበር። ኤርፖርት ውስጥ አንዱ ሾፌር ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር የሚደረድረው ነኝ፤ እዚህ ግን ታሪክ አለኝ።

በዚህ ላይ ኩራቴን የሰበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ መንገደኛዬ ነው። ከቺካጎ የመጡ ጥቁር ሽማግሌ ወደ ቬይል ስወስዳቸው፣ ስኪ የምሠራ ጥቁር ብርቅ ነኝ በሚል አነጋገር ስነግራቸው፣ በመስታወት አይተውኝ ፈገግ አሉና የማላውቀውን ነገሩኝ። በ1973 ቤን ፊንሊ እና አርት ክሌይ የሚባሉ ሰዎች ከየከተማው የጥቁር ስኪ ክለቦችን አስፐን ላይ ሰብስበው ነበር፤ የዛሬው የጥቁር ስኪ ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ከዚያ የመጣ ነው። ክለቦቹ ያኔ 13 ነበሩ። ሁለቱም መሥራቾች አሁን የአሜሪካ ስኪ የክብር መዝገብ ውስጥ አሉ። እኔ አቅኚ ነኝ ብዬ የምኮራበትን ተራራ ሰዎቹ መሿለኪያው በተከፈተበት ዓመት ጀምረውታል። እኔ ያኔ በእናቴ ጀርባ ነበርኩ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ኪሴ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። ገብስ ከሽምብራ፣ ትንሽ ሱፍ ገባ ያለበት። ሎጁ ውስጥ ያለው ምግብ ዋጋው ራስ ያዞራል፤ ቆሎ ደግሞ ብርድ አይጎዳውም፣ አይፈስም፣ ጾምም ቢሆን ይበላል። አንድ ማክሰኞ ሊፍት ላይ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ስቆረጥም አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ ሄልሜትና መነጽር ፊቷን ሸፍኖታል፣ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ቆሎ ነው እንዴ?» አለችኝ። በአማርኛ! ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? አላለኝም። የተያዝኩ ነው የመሰለኝ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ብቸኛው አለመሆኔ፣ እና ይቺ ልጅ የማንን ልጅ እንደምታውቅ አለማወቄ። «አዎ የኔ ልጅ፣ እንኪ» ብዬ ዘረጋሁላት፤ እጄ ሰጠ፣ ልቤ አልሰጠም። ነርስ ናት፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ ሳትተኛ ነው የመጣችው። ኋላ ሰማያዊው ላይ ስትወርድ አየኋት። ከእኔ ትበልጣለች። ከዚያ በኋላ ሌሎችም አይቻለሁ፤ ወጣቶች ናቸው፣ እዚህ ያደጉ፣ ስኖውቦርድ የሚወዱ፤ ለእነሱ ነገሩ ብርቅም አይደለም፣ ምስጢርም አይደለም። ኩራቴም ሞተ፣ መደበቄ ግን አልሞተም። ስለዚህ የደበቅኩት በኩራት አይደለም ማለት ነው።

በገንዘብ ይሆን? ትልልቆቹ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ቬይል፣ ሰው በሚበዛበት ቀን የአንድ ቀን ትኬት በመስኮት ከ300 ዶላር በላይ ይሸጣሉ። እኔ እንዲህ ከፍዬ አላውቅም፤ ወደፊትም አልከፍልም። የዓመት ፓስ ነው የምይዘው። በ2008 የቬይል ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኤፒክ ያለውን ፓስ በ579 ዶላር ማውጣቱ ወቅቱን በሙሉ መሄድ እንደኔ ላለ ሰው እንዲታሰብ ረድቷል፤ የመስኮቱ ዋጋ ሰማይ የወጣውም ሰው ወደ ፓሱ እንዲሸሽ ነው። ስኪዬ አሮጌ ነው፤ በመኸር ሰው ያገለገለ ዕቃውን በሚሸጥበት ገበያ የገዛሁት። ወደ አገር ቤት የምልከው ገንዘብ በስኪ ምክንያት ቀርቶ አያውቅም። ግን ብሩ በ2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩን በብር ማባዛት ጥርስ ያስነክሳል። 300 ዶላር ከ30,000 ብር በላይ ነው፤ መምህር የሆነችው እህቴ ይህን ለማግኘት ወራት ታስተምራለች። ስኪን በብር ማስላት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ቡናም ጫማም በብር ካሰላሁት አይገዛም። ቢሆንም ሊፍት ላይ ስቀመጥ አባዛለሁ። ይሁንና የሚያሳፍረኝ ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ መኪናዬን ስለውጥም ባፈርኩ ነበር። መኪናዬን ስለውጥ አላፈርኩም። «እንኳን ደስ አለህ» ተባልኩ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው የታየኝ። መኪና ይጠቅማል። ቤት ይጠቅማል። ሠርግ ማብላት ይጠቅማል። የኤርፖርቱ ትልቅ ሰው የጠየቁት ይኼንኑ ነው፤ ማን ይጠቀማል? ስኪ ሲጀመር ይጠቅም ነበር። እዚሁ ኮሎራዶ በ1860ዎቹ ጆን ዳየር የሚባል የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር፤ ረጃጅም የእንጨት ስኪ እግሩ ላይ አስሮ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነውን የሞስኪቶ ማለፊያ እየተሻገረ ለማዕድን ቆፋሪዎች ደብዳቤም ወንጌልም ያደርስ ነበር። ምስሉ ዴንቨር ካፒቶል ጉልላት ላይ በመስታወት ተሥሏል። በ1942 ደግሞ ሌድቪል አጠገብ ካምፕ ሄል የሚባል ጦር ሰፈር ተሠራ፤ ከፍታው ከደብረ ብርሃን ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ስኪና ገደል መውጣት እዚያ ሰልጥኖ በ1945 ጣሊያን ላይ ተዋጋ፤ ሪቫ ሪጅን በሌሊት ወጥቶ ያዘ፤ ወደ 1000 የሚጠጉ ወታደሮቹ በዚያ ዘመቻ ሞቱ። የተረፉት ሲመለሱ ምን አደረጉ? አራፓሆ ቤዝንን ከመሠረቱት መካከል እነሱ አሉበት። ቬይልን በ1962 የከፈተው ፒት ሳይበርት ጣሊያን ላይ ክፉኛ የቆሰለ ወታደር ነው። ሞት ያዩ ሰዎች ከጦር ሜዳ ሲመለሱ መጫወቻ ቦታ ሠሩ። በሻትል ስንት ጊዜ በተመላለስኩበት መንገድ አካባቢ ይኼ ሁሉ እንዳለ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ባወቅኩም ጊዜ ትንሽ ልቤ አረፈ። ችግር ያጡ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር።

እኔ ግን ከ2001 ጀምሮ ጥቅም ነኝ። ይህን በምሬት አይደለም የምለው፤ የበኩር ልጅ ነኝ፣ ወድጄ ነው የተሸከምኩት። ስልኬ ሲጠራ ከአሥር ዘጠኙ አንድ ነገር እንዳደርግ ነው። ጸሎቴ እንኳ ዝርዝር ነው፤ ለእገሌ ጤና፣ ለእገሊት ቪዛ። ማክሰኞ ተራራ ላይ የማደርገው ነገር ግን ለማንም አይተርፍም። ወጥቼ ወረድኩ፤ አለቀ። ፎቶ አላነሳ፣ አልልክ። ከእናቴ ያ ስልክ በኋላ ደግሞ ስልኬን መዝጋት ጀመርኩ። እናም ከሁሉ የከበደው ኑዛዜዬ ይኸውና፦ እዚያ ላይ ማንንም አልናፍቅም። ልጆቼን አላስብም፣ አገሬን አላስብም፣ የሞተውን አባቴን አላስብም። ስወርድ ናፍቆቱም ሐሳቡም ታች ጠብቆ ይቀበለኛል፤ ላይ ግን የለም። የደበቅኩት ይኼን ነው። ስኪውን ብናገር ይኼ አብሮ የሚታይብኝ ስለመሰለኝ።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። መናገር የጀመርኩበት ድምፅ አስደንግጧቸው መሰለኝ አጥብቀው ነው የጠየቁኝ።

«ሰንበት ትሽራለህ?»

«የለም አባ፣ ማክሰኞ ነው።»

«መጠጥ አለበት?»

«የለበትም።»

«ሴት?»

«ኧረ የለችም አባ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ልጄ?»

«አባ፣ ምንም ጥቅም የለውም።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ከፍለህ ትወጣለህ፣ ወጥተህ ትወርዳለህ?» አሉኝ። «አዎ።» ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «እግርህን እንዳትሰበር ተጠንቀቅ፤ መዋሸቱን ግን ተው፤ ኃጢአቱ እሱ ነው» አሉና ፈቱኝ።

ስለ ሁዳዴው ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እዚህ ተራሮች ላይ ብዙ በረዶ የሚወርደው በመጋቢት ነው፤ ሁዳዴም ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል። ሥጋና ወተት ትቻለሁ፤ ከሥጋና ወተት በላይ የምወደውን ግን አልተውኩም። እንዲያውም በዚያ ወር ማክሰኞ አይበቃኝም፤ ሐሙስ ፈረቃ እለውጣለሁ። ደስታ መቀነስ የሚባል ጾም እንዳለ አውቃለሁ። እሱን አልጾምኩም፤ በሚመጣውም ሁዳዴ እንደምጾም እርግጠኛ አይደለሁም።

ለእናቴ ነገርኳት። አባ ካሉት ውስጥ የፈጸምኩት ይኼን ነው። ስኪ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ በመጨረሻ «በረዶው ላይ ነው የምትውለው?» አለችኝ። «አዎ።» «ጋቢ ትለብሳለህ?» «የተሻለ ልብስ አለ እማዬ።» «እና ይሞቅሃል?» «ይሞቀኛል።» «እንግዲህ ከሞቀህ» አለችና ስለ እህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ማውራት ጀመረች።

የመጪውን ወቅት ፓስ ገዝቻለሁ። ዋጋው ዝቅ የሚለው በጸደይ ነው፤ ከዚያ በየጊዜው ይጨምራል። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ቅዳሜና እሑድ አትምጡ፣ ጂንስ ለብሳችሁ አትምጡ፣ ጓደኛ እንዲያስተምራችሁ አትፍቀዱ፤ ከፍላችሁ ተማሩ።